ክር፣ ስኳርና የሴቶች አገጭ

ሥራዬን የተውሁት ዓይኔ ስለከዳኝ ነው። አንዲት የባለሱቅ ሚስት አገጯን አጽድቼላት፣ ደስ ብሏት ሄዳ፣ በማግስቱ መስተዋት ይዛ ተመለሰች። በግራ በኩል አንድ ጣት የሚያህል ቦታ ሳልነካው ቀርቷል፤ ሌላው ስለጸዳ ጭራሽ ጎልቶ ይታያል። «እትዬ ዘነበች፣ ግማሽ ሰው አደረጉኝ እኮ» አለችኝ እየሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ አየኋት፤ ምንም አልታየኝም። ያገኘው ጣቴ ነው። በጣት ብቻ ደግሞ ይህ ሥራ አይሠራምና የዚያን ዕለት ክሬን ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከተትሁት።

ሰው ሥራ ሲያቆም ምን ሲሠራ እንደኖረ ይናገራል። እኔ የሥራዬን ስም እንኳ አላውቀውም። ጠጉር ሠሪ አይደለሁም፤ ሐኪምም አይደለሁም። የንስሐ አባቴ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ክር እሠራለሁ» እላቸው ነበር። እሳቸውም ፈታይ መስያቸው «እጅሽን ይባርከው» ይሉኛል። ይህ ውሸት ነው ወይስ አይደለም? እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም። የሴት ጢም ስነቅል ኖርሁ ብዬ በግልጽ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ ዳዊት እንድደግምበት ነበር።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ሳይመጣ፣ ባቡሩ አዳማ ላይ መቆም ከጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከተማዋን ዛሬ ናዝሬት ይሏታል፤ እኔ ግን አዳማ ማለት አልተውሁም። ከተጉለት የወረድሁት ከመጀመሪያ ባሌ ተፋትቼ ነው። ጣቢያው ጀርባ ከሚኖሩት ከእትዬ ሰዓዳ ቤት ልብስ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። እትዬ ሰዓዳ የወሎ ሰው ናቸው። ባላቸው ቡና ነጋዴ ነበሩ፤ ድሬዳዋ ብዙ ዓመት ሲቀመጡ እሳቸው ሙያውን ከዓረብ ሴቶች ቀስመዋል። ሴቶች በጓሮ በር ተሸፋፍነው ሲገቡና ሲወጡ እያየሁ ለወራት ጥንቆላ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ልብሳቸውን ሳጥብ በስመ አብ እል ነበር።

አንድ ቀን ጠሩኝና «ጥርስሽን አሳዪኝ» አሉኝ። አሳየኋቸው። «ደህና ነው፤ ክር ይይዛል» አሉ። ሥራ የተቀጠርሁት በጥርሴ ነው ብል ማን ያምነኛል?

ክሩ ሁለት ክንድ ያህል ይቆረጣል። አንዱ ጫፍ በጥርስ ይያዛል፣ ሌላው በቀኝ እጅ፣ መሐሉ ደግሞ ተጠምዝዞ በግራ እጅ ጣቶች ላይ ይገባል። የግራ ጣቶች ሲከፈቱ ጥምዙ ይሮጣል፤ ሲሮጥ ጸጉሩን እየነከሰ ከሥሩ ያወጣዋል። ቤት የተፈተለ ክር ለስላሳ ነው፣ ግን ይበጠሳል። ከሕንዱ ሱቅ የሚገዛው የስፌት መኪና ክር አይበጠስም፣ ግን ቆዳ ይቆርጣል። እትዬ ሰዓዳ ቤት የተፈተለውን አጥፈው ትንሽ ሰም ያሹታል። ፊቱ አስቀድሞ የተነፋ አመድ ይቀባል፤ አመዱ ወዙን ይጠጣዋል፣ የተኛው ጸጉር ይቆማል። እኔ ሁለት ወር የተለማመድሁት በገዛ እግሬ ላይ ነው። ቅልጥሜ የተነጨ ዶሮ መሰለ።

ለጠንካራው ጸጉር ስኳር ነበረ። ስኳር ያኔ ውድ ነው። ከሎሚ ጭማቂ ጋር በቀስታ ይፈላል፤ ማር ሲመስል አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ይጣላል። ከተበተነ ገና ነው፤ እንደ ጠጠር ከደረቀ አልፏል፤ በጣት ተድቦልቡሎ እንደ ሊጥ ከታዘዘ ደርሷል። እንደ ሊጥ ሲታዘዝም ወዲያው አይነካም። እትዬ ሰዓዳ በራሳቸው ክንድ ላይ አስቀምጠው አሥር ጊዜ ለነቢዩ ሰለዋት አውርደው ከበረደ በኋላ ነው ወደ ሰው ፊት የሚያስጠጉት። ክንዳቸው ላይ ከአንጓቸው እስከ ክርናቸው የድሮ ቃጠሎ ነጠብጣብ ነበረ። «ይህ የሰው ፊት ላይ ያልደረሰ ነው» ይሉኝ ነበር።

ሌላም ሌላም ልማድ ነበራቸው። ደንበኛቸውን ገበያ ላይ ቢያገኟት ሰላም አይሏትም። «ፊቷን ታውቂያለሽ እንጂ እሷን አታውቂያትም» ይላሉ። ሥራው ካለቀ በኋላ ሴትዮዋን እሬት ቀብተው ጨለም ያለው ጓዳ ውስጥ ያስቀምጧታል፤ ወተት ወይ ውሃ ይሰጧታል፤ ብትለምናቸው ብትቆጣቸው አያስወጧትም። «ቀዩ ሳይመለስ በሩ አይከፈትም።» እኔ ይህን ለውበት ሲሉ የሚያደርጉት ይመስለኝ ነበር።

የሚመጡት ሴቶች ግራ የገባቸው ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ይልቅ ግራ የገባኝ ነበርሁ። አንዷ በባሏ ምላጭ ስትላጭ ከርማ «በዛብኝ» ብላ ታለቅሳለች። አንዷ ነጋዴ የሸጠላትን ኖራ ያለበት ዱቄት ቀብታ ከንፈሯ ተልጦ ትመጣለች። አንዷ ለእሾህ ማውጫ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ወረንጦ ይዛ፣ አንድ በአንድ ስትለቅም ኖራ፣ አገጯ በጠባሳ ተሞልቷል። «ምላጭ ያበዛዋል?» ይሉኛል። እትዬ ሰዓዳ አዎ ይላሉ፤ ሕንዱ ባለሱቅ ሐሰት ነው ይላል። በክር የነቀልሁትም በሦስት ሳምንቱ ይመለሳል። የቅንድቡ ነገር ደግሞ ይብሳል። እትዬ ሰዓዳ ሼሃቸው ቅንድብ አትንኪ ስላሏቸው ቅንድብ አይነኩም፤ ጢም ግን ሴት ላይ ያለቦታው የበቀለ ስለሆነ አይከለከልም ይላሉ። የእኔን ቄስ ብጠይቃቸው ምን ሊሉ እንደሚችሉ ስለፈራሁ ጠይቄያቸውም አላውቅ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው እያልሁ አልፈዋለሁ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ለሙሽራ እየተጠራሁ መውጣት ጀመርሁ። ሞጆ፣ ወለንጪቲ፣ በበቅሎ ደግሞ እስከ አዳሚ ቱሉ። ክፍያው ጠገራ ብር ከሆነ በዓል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቅቤና ዶሮ ነበር። በደረቅ ወራት ሶደሬ ፍል ውሃ ወርደን ሴቶቹን እንፋሎቱ ዳር እናስቀምጣለን፤ ቆዳው ይላላል፣ ጸጉሩ ሳያምም ይወጣል። አዳሚ ቱሉ ላይ አንዲት የኦሮሞ ባላገር እናት የሴት ልጇን አገጭ ይዛ «አካም ጂርታ?» ብላ ሰላም አለችኝና፣ በተሰባበረ አማርኛዋ «ይህ በሽታ ነው ወይስ የአላህ ሥራ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኋት። «ስታወጪው ኖረሽ አታውቂም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ልጅቷን ብሠራላት እናቷ «ገለቶሚ» ብላ መረቀችኝ፤ ጥያቄዋ ግን አብሮኝ አዳማ ገባ።

አሁን ወደ ጥሩነሽ ልምጣ። ስፈራው ነው የዘገየሁት።

ጥሩነሽ እኩያዬ ነበረች፤ ከተዳረች ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ መንገሻ ቆዳ ነጋዴ ሲሆን አርሲ እየወጣ ወር ሁለት ወር ይቆያል። እሷ የምትኖረው ከእናቱ ከእሜቴ በለጡ ጋር፣ በአንድ ግቢ ነው። ለእሜቴ በለጡ መንገሻ ብቸኛ ልጃቸው ነው፤ ሦስት ቀብረው የቀራቸው እሱ ነበር። የጥሩነሽ ጢም የጀመራት ከተዳረች በኋላ ነው። ውሃ ልቅዳ እያለች ወጥታ፣ ፊቷን ውሃው ላይ እያየች በወረንጦ ትለቅማለች። አማቷም ባሏም አያውቁም። እንዳያውቁባትም የምትሞትለት ነገር ነበር፤ ምክንያቱም አንድ ቀን ገበያ ላይ ጢም ያላት ሴት ስታልፍ እሜቴ በለጡ «እንዲህ ያለችው ሴት ለባሏ ዕድሜ አትሆነውም» ሲሉ ጥሩነሽ በጆሮዋ ሰምታለች። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት እየሮጠች መጣች። እትዬ ሰዓዳ ሞጆ ለሙሽራ ሄደው ብቻዬን ነኝ።

«መንገሻ ቅዳሜ ይገባል ብለው ነገሩኝ» አለችኝ። «ዛሬ ሐሙስ ነው። አማቴ ገበያ ናቸው፤ ሳይመለሱ ጨርሺልኝ።»

«ለክር ጊዜ ይፈልጋል» አልኋት።

«ስኳሩን አድርጊልኝ። ጉንጬንም፣ እዚህ ጆሮ ግንዴ ጋ ያለውንም ጠቅላላ።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ስኳሩን ክንዴ ላይ አስቀምጬ ሦስት እንኳ ሳልቆጥር ፊቷ ላይ አሳረፍሁት። አገጯ ደህና ወጣ። ጆሮ ግንዶቿን ግን ትኩሱ ፈጃት፤ ስስበው በሁለቱም በኩል ቆዳውን ይዞት መጣ። ጥሩነሽ እንዳትጮኽ ነጠላዋን ነከሰች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እሬት ቀባኋት፣ እፍ አልሁላት፣ ይቅርታ አልኋት።

«ተቀመጪ፣ ቀዩ ይመለስ» ብላት «እሳቸው ከቀደሙኝ አለቀልኝ» ብላ ተነሣች። ቁስሉን ወፍራሙ ጥለት እንዲሸፍንላት ነጠላዋን ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ ፊቷ አድርጋ ተከናነበች። በሩን ራሴ ከፈትሁላት። ጥለቱ ወደ ላይ የዞረ ነጠላ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን በዚያች ሰዓት አእምሮዬ የት ሄዶ እንደነበር እንጃ።

የቡና መፍያ ያህል ጊዜ እንኳ ሳይቆይ ከሐዲዱ ማዶ እሪታ ተሰማ። ሰው ወደዚያ ይሮጣል። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተከተልሁ፤ ጎረቤት ለልቅሶ ሲሮጥ ማን ቤቱ ይቀመጣል? የእሜቴ በለጡ ግቢ ሞልቷል። «ማን ሞተ?» አልሁ። «መንገሻ» አሉኝ። ቅዳሜ ይመጣል ሲባል! ጥሩነሽ አገጯን ያስጸዳችለት! አለቀስሁ። ከምር ነው ያለቀስሁት፤ ደረቴን መታሁ።

ወዲያው «መርዶውን ማን አመጣው?» ብዬ አንዷን ሴት ጠየቅሁ።

«ሚስቱ ሰምታ ነው። እሜቴ በለጡ ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኟት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊቷን ነጭታ። አፏ ተሳስሮ መናገር እንኳ አልቻለችም፣ የኔ ምስኪን!»

ሰዉን ጥሼ ጥሩነሽን አገኘኋት። ግድግዳ ተደግፋለች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ እንደምታለቅስ ሆና በጆሮዬ «አልሞተም» አለችኝ። «ማንም ምንም አልነገረኝም። ፊቴን አይተው ጮኹ። ምን እንድል ነው? ጢሜን ላስነቅል ሄጄ ነው ልበል? ምን ልበል ዘነበች?»

ምን ልበላት? ብትናገር ጢሟ በአገር ፊት ይወጣል፤ ለባሏ ዕድሜ የማትሆን ሴት ትባላለች፤ ቅዳሜ ሲመጣ ምናልባት ዕቃዋን ይዛ ትሄዳለች። ባትናገር አንዲት እናት በሕይወት ላለ ልጃቸው እየተንከባለሉ ነው። ፊቷን ታውቂያለሽ እንጂ እሷን አታውቂያትም የሚለው ምክር መጣብኝ። ዝም አይነቅዝም የሚለውም መጣብኝ። እጆቼን አያይዤ ቆምሁ።

እሜቴ በለጡ በጥፍራቸው ጆሮ ግንዳቸውን ነጭተው ደም በአንገታቸው ወርዷል። ጥሩነሽ ላይ ባዩት ቦታ፣ ትክክል በዚያው ቦታ። ከዚያ «ላጩኝ» አሉ። ሹሩባቸው ነጭ ነበር፣ እስከ ትከሻ የሚወርድ። ምላጭ መጣ። የሚይዘው ሲፈለግ አንዲት ሴት እኔን አየችና «ዘነበች እጇ ቀላል ነው፣ እሷ ታድርገው» አለች።

ምላጩ እጄ ገባ። መሬት ተቀምጠው ራሳቸውን ጭኔ ላይ ጣሉት። ሞቃት ነበር። «ቶሎ በይ ልጄ» አሉኝ። እኔም ቶሎ አልሁ። መንገሻ አለመሞቱን እያወቅሁ ከግንባራቸው ጀምሬ ወደ ኋላ ላጨሁ። እጄ የለመደውን ሠራ፤ አፌ ተዘጋ። የቀኙ ጎን አልቆ ሹሩባው ቀሚሴ ላይ ወደቀ።

ይህን ጊዜ ጥሩነሽ ከግድግዳው ተነሥታ መጣችና ተንበረከከች። የአማቷን እጅ ይዛ አገጯ ላይ አደረገችው። በጆሯቸው ተናገረች። ከእኔ በቀር የሰማ የለም።

«እሜቴ፣ ልጅዎ ደህና ነው። ጢም አለብኝ። ላስነቅል ሄጄ ተቃጠልሁ። በእግዜር፣ ልጅዎ ደህና ነው።»

እሜቴ በለጡ ጭኔ ላይ እንደተጋደሙ ቀሩ። አውራ ጣታቸው በጥሩነሽ አገጭ ላይ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፤ እህል የገዛ ሰው በጣቱ እንደሚፈትሸው። አሁን ይሰድቧታል አልሁ። ቀና አሉና ግማሽ የተላጨ ራሳቸውን ይዘው ለሕዝቡ ተናገሩ።

«ልጄ አልሞተም! ልጅቷ ድስት ስታወርድ እንፋሎት ነው የፈጃት። እኔ ነኝ የባዘንሁ። አርጅቻለሁ፣ ማሩኝ።»

አንዱ ሳቀ፣ አንዷ «በሕይወት ያለ ሰው ይለቀስበታል እንዴ፣ ሟርት ነው» ብላ አጉረመረመች። ጥሩነሽን የጠየቃት ሰው አልነበረም። እሜቴ በለጡ ተመልሰው ጭኔ ላይ ተኙና «የቀረውን ጨርሺው» አሉኝ። ጨረስሁት።

መንገሻ ቅዳሜ ከነበቅሎው ሲገባ ሰው በሩቁ እያየው ይሳለቅ ነበር። እናቱን ተላጭተው ሲያገኛቸው «ምን ነካሽ እማዬ?» ብሎ ተቆጣ አሉ። «እርጅና ነው» ብለውታል። ከተማው ለዓመታት «ላልሞተ አልቃሿ» እያለ ሲጠራቸው ኖረ። የተከበረ ቤተሰብ ሴት፣ ገበያ ሲወጡ እየተጠቆመባቸው፣ አንድም ቀን ሌላ ቃል አልተነፈሱም። ያን ለባሏ ዕድሜ አትሆንም የሚለውን ነገር ትተውት እንደሆነ፣ ወይስ ልጃቸው በመኖሩ ለእግዜር ስለት ከፍለው እንደሆነ፣ አላውቅም።

እትዬ ሰዓዳ ከሞጆ ሲመለሱ ሁሉን ነገርኋቸው። ክር እያጠፉ ሰሙኝ።

«ቀዩ ሳይመለስ በሩ አይከፈትም ያልሁሽ ለምን መሰለሽ?» አሉ።

«ለውበት መስሎኝ ነበር።»

«ለዚህ ነበር እንጂ! ድሬዳዋ እያለሁ አንዲት ሙሽራ እንዲሁ ወጥታ ሠርጉ ልቅሶ ሆኖ አይቻለሁ።»

«እንዴት ልናገር እትዬ? ምስጢር ጠብቂ ብለውኝ የለ?»

ክሩን ከጥርሳቸው አወጡት። «ምስጢር ጠብቂ አልሁሽ እንጂ፣ ወላሂ፣ ምላጭ ያዢ አልሁሽ?»

ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዳዩ አላነሡብኝም። ሥራ አልነፈጉኝም። እኔ ግን አንድ ወር ያህል ስኳር መንካት አቃተኝ።

ጥሩነሽን በየሦስት ሳምንቱ ይዘዋት የሚመጡት እሜቴ በለጡ ራሳቸው ሆኑ። «የራስ ምታት ትታከማለች» ይላሉ ለጠየቃቸው። እሷ ጓዳ ገብታ ቀዩ እስኪመለስ ስትቀመጥ፣ እሳቸው ደጃፍ ላይ መቋሚያቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ጠጉራቸው በቀለ፤ አጭር፣ እንደ ጥጥ።

አንድ ቀን ጥሩነሽ ውስጥ ሳለች ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ያን ጊዜ ስትላጪኝ፣ ልጄ ደህና መሆኑን ታውቂ ነበር?»

ለመዋሸት አፌን ከፈትሁ። ዓይናቸውን አይቼ ተውሁት።

«አውቅ ነበር፣ እሜቴ።»

ባቡሩ ጮኾ አለፈ። ሊረግሙኝ ነው፣ ሊነሡ ነው፣ ልጅቷን ይዘው ሊሄዱ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን እጄን ከጉልበቴ ላይ አንሥተው መዳፌን ገልብጠው አዩት፤ ቀጥሎ ጣቶቼን አንድ በአንድ ነካኩ።

«እያወቅሽ» አሉ ቀስ ብለው። «ታዲያ ይህ እጅ እንዴት አልተንቀጠቀጠም?»